ጨዋታና ግብረ ገብ፤ ከእባብና መሰላል እስከ ኮምፒዩተር

ግብረ ገብን በጨዋታ ማስተማር በኮምፒዩተር ዘመን የተጀመረ ነገር የሚመስለን ብዙዎች ነን። ታሪኩን ስንመረምር ግን ነገሩ እጅግ የቆየ ሆኖ እናገኘዋለን።

በሕንድ አገር ግያን ቻውፓር የሚባል የገበታ ጨዋታ ነበረ። መሰላሎቹ የመልካም ምግባር፥ እባቦቹም የክፉ ሥራ ምሳሌዎች ነበሩ። መሰላል ያገኘ ወደ ላይ ይወጣል፤ እባብ ያገኘ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ጨዋታ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። ነገር ግን ተጫዋቹን የሚመራው ዕድል ስለ ነበረ፥ ሕፃኑ ወደ ደግነት የሚደርሰው መርጦ ሳይሆን ቁጥር ወጥቶለት ነው።

በአሜሪካ አገር ሚልተን ብራድሌይ የተባለ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1860 ስለ ሰው ሕይወት የሚናገር ጨዋታ አወጣ። ቁማር እንዳይመስልበት በዳይስ ፈንታ ቁጥር የተጻፈበት ተሽከርካሪ መጫወቻ አደረገ። በገበታውም ላይ ስንፍና ወደ ውርደት፥ ቁማር ወደ ጥፋት፥ ትጋት ግን ወደ መልካም ውጤት ይመራ ነበር። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ተጫዋቹ የሚሄድበትን አቅጣጫ ስለሚመርጥ፥ በዚህ ጨዋታ ምርጫ ከዕድል ጋር ተጨመረ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሪቻርድ ጋሪዮት «አልቲማ 4» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠራ። የዚህ ጨዋታ ዓላማ ጠላትን ማጥፋት ሳይሆን፥ ሐቀኝነት፥ ርኅራኄና ትሕትና የሚገኙባቸውን 8 ምግባሮች መፈጸም ነው። በጨዋታው ውስጥ ዓይነ ስውር ነጋዴ አለች፤ ገዢው የሚከፍለውን ገንዘብ ራሱ ቆጥሮ ይሰጣታል። ቢያጎድልባት እርስዋ አታይም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሐቀኝነቱን ይቀንስበታል።

ይህን ታሪክ ከጓደኞቻችን ጋር ስንወያይበት ብዙዎቻችን «ጨዋታ ስለ ሆነ አሳንሰን እንከፍላለን» አልን። ከመካከላችን አንዱ ግን «ከጎረቤታችን የቤት ሥራ ስንገለብጥስ ያው ምክንያት አልነበረንምን?» ብሎ ጠየቀ፤ ሁላችንም ዝም አልን። ከዚህ የተረዳነው፥ ነጥብ ፍለጋ የተደረገ ሐቀኝነት ነጥቡ ሲቀር አብሮ ሊቀር መቻሉን ነው። ጨዋታው ጥያቄውን ያቀርባል፤ ጥያቄውን ከኑሮ ጋር የሚያገናኘው ግን ውይይት ነው።

እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን ነጥብ የሚቈጥር ወደሌለበት ኑሮ እንሄዳለን። ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን፥ ታናናሾቻችንን ከጨዋታ ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ፥ አንዳንድ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጠው «ይህን ለምን መረጥህ? ለምንስ መረጥሽ?» ብለው እንዲጠይቁአቸው በትሕትና እናሳስባለን።