ጌቶች የተቆጡበት ጨዋታ

በእኛ አገር የገና ጨዋታ ሎሌው በዱላ ቢመታውም ጌታ አይቆጣም፤ ወጉ ነው። ፈረንጆቹ በበረዶ ላይ በሚጫወቱት ገና፣ ማለትም በአይስ ሆኪ፣ ግን ጌቶች ክፉኛ የተቆጡበት ጊዜ ነበር። ያስቆጣቸው ደግሞ ቴድ ሊንድሴ የሚባል ካናዳዊ ነው።

ሊንድሴ የዲትሮይት ሬድ ዊንግስ የግራ ክንፍ አጥቂ ነበር። አጭር ነው፤ ፊቱ በስፌት ጠባሳ የተሞላ፣ ጠብ የማይፈራ። “አስፈሪው ቴድ” ይሉታል። ቡድኑ በ1950፣ በ1952፣ በ1954 እና በ1955 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የስታንሊን ዋንጫ ሲወስድ ከታዋቂው ጎርዲ ሃው ጋር አብሮ ተሰልፏል።

እኔን የሳበኝ ግን ጎሉ አይደለም። ያኔ ሊጉ ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው። ተጫዋቹ የክለቡ ንብረት ነው፤ ካልለቀቁት በስተቀር ሌላ ጋ ልቀጠር ማለት አይችልም። በ1947 ለተቋቋመው የጡረታ ፈንድ እያንዳንዱ በዓመት 900 ዶላር ያዋጣል። ሊንድሴ የተጫዋቾች ወኪል ሆኖ ፈንዱ ቦርድ ውስጥ ገባና ሒሳቡን ልየው ቢል የሚያሳየው አጣ። የገዛ ገንዘባቸው እኮ ነው!

ስለዚህ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ጠበቆች አማከረ፤ ከሞንትሪያሉ ዳግ ሃርቪ ጋር ሆኖም በድብቅ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። በየካቲት 1957 ኒው ዮርክ ላይ ማኅበሩ ይፋ ሆነ።

ቅጣቱ አልዘገየም። ሊንድሴ በዚያው የውድድር ዘመን 85 ነጥብ አስመዝግቦ ነበር፤ በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ አላገኘም። በሐምሌ ግን ከበረኛው ግሌን ሆል ጋር፣ በሊጉ መጨረሻ ለወጣው ቺካጎ ሰጡት። የዲትሮይት ባለቤትና የቺካጎው ባለቤት ደግሞ በአባት የሚገናኙ ወንድማማቾች ናቸው። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ እንደ ማለት።

በኅዳር ወር የቀድሞ ጓደኞቹ፣ እነ ሃው ያሉበት የዲትሮይት ቡድን፣ ከማኅበሩ ወጡ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄባቸው ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ስድስት ቡድን ማለት ከመቶ ጥቂት ከፍ የሚል የሥራ ቦታ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በበረዶ ላይ ከመንሸራተት ሌላ ሙያ የሌለው ሰው ልጆቹን ምን ያብላ? ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

በየካቲት 1958 ነገሩ በስምምነት አለቀ። ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 7,000 ዶላር ሆነ፤ ጡረታውም ተሻሻለ፤ ማኅበሩ ግን ሞተ። ሌላ ማኅበር የቆመው በ1967 ነው። እሱንም ለዓመታት የመራው አለን ኢግልሰን በ1998 በማጭበርበር ተፈርዶበት ወህኒ ወረደ። ሊንድሴ ሒሳቡን ካልሰጣችሁኝ ያለው ለካ ያለ ነገር አልነበረም!

እሱ በ1960 ጫማውን ሰቀለ። በ1964 ግን የድሮ የመስመር ጓደኛው ሲድ ኤብል ዲትሮይትን ያሠለጥን ነበርና በ39 ዓመቱ መልሶ ጠራው። የሊጉ ፕሬዚዳንት ለስፖርቱ ጥቁር ቀን ነው ብለው ተሳለቁ። ሰውዬው 14 ጎል አገባ፣ ዲትሮይትም በመደበኛው ውድድር አንደኛ ወጣ።

በ1966 ደግሞ በሆኪ የዝና አዳራሽ ስሙ እንዲሰፍር ተመረጠ። የክብር ግብዣው ለወንዶች ብቻ ነበር። ሚስቴና ልጆቼ ካልገቡ እኔም አልመጣም ብሎ ቤቱ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ቤተሰብ እንዲገባ ተፈቀደ።