ከልጓም ወደ ፍሬን

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ በዓባይ ድልድይ በኩል ደጀን የሚደርሰው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በእንዲህ ያለው ቁልቁለት የቀድሞው በቅሎኛ መተማመኛ ልጓሙ ነበረ፤ የብስክሌተኛው መተማመኛ ግን ፍሬኑ ነው።

ሁለቱ ቃላት በትርጕም ይዛመዳሉ። የኢጣልያንኛው «ፍሬኖ»ና የፈረንሳይኛው «ፍሬን» የተወለዱት ከላቲኑ «ፍሬኑም» ሲሆን፣ ፍችውም ልጓም ማለት ነው። ስለዚህ ፍሬንን «ልጓም» ብሎ መተርጐም መሠረት አያጣም። ይሁን እንጂ ሕዝቡ «ፍሬን ያዘ»፣ «ፍሬን በጠሰ» እያለ ቃሉን አማርኛ አድርጎታል፤ ልጓምንም ለፈረስና ለበቅሎ ትቶታል። እኛም ይህንኑ እንቀበላለን።

የሚያከራክረው በእጅ የሚሳበው ክፍል ስያሜ ነው። «የፍሬን እጀታ» ቢባል ከመሪው መጨበጫ ጋር ይምታታል፤ ስለሆነም «የፍሬን መጭመቂያ» ማለትን እንመርጣለን። አንድ ማርሽ ብቻ ላለው የጭቃ መንገድ መወዳደሪያ ብስክሌት ከማርሽ መቀየሪያ ጋር ያልተጣመረ መጭመቂያ ይበቃዋል። ዳሩ ግን መጭመቂያው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የፍሬኑን ገመድ በጥቂቱ፣ ሌላው በብዙ ይስባል። ብዙ መሳብ የሚሻ ፍሬን በጥቂቱ ከሚስብ መጭመቂያ ጋር ቢገጠም፣ መጭመቂያው መሪውን እስኪነካ ቢጨመቅም ቸርኬው በወጉ አይያዝም። በዚህም ምክንያት «አጭር ሳቢ» እና «ረጅም ሳቢ» የሚሉ መለያዎችን እናቀርባለን።

ኢትዮጵያ ብስክሌተኞቿን በሜልቦርን ኦሎምፒክ ያሰለፈችው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ይህን ያህል የቆየ ስፖርት ጥርት ያለ ስያሜ ይገባዋል። ተርጓሚው ሁለቱን ሳቢዎች በአንድ ስም ቢጠራ፣ ስሕተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም፤ ቁልቁለት ላይ ይገለጣል።