ትርፍ ሸራ፦ የበርበራ ጀልባዎች ነፋሱን እንዴት ይችሉት ነበር

እኛ ጅግጅጋ ያር የምንነግድ ሰዎች ሸራ ስንል መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚመጣው በአይሱዙ ጭነት ላይ የሚወጠረው ነው። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ግን ሺራዕ ሲሉ ጀልባ የሚነዳውን ጨርቅ ማለታቸው ነው፤ ዓረቦቹም እንደዚያው ይሉታል። ቃሉ አንድ ይመስላል፤ ሥራው ግን ለየቅል ነው። እኛ ዘንድ ሸራ ዕቃ ይሸፍናል፤ እነሱ ዘንድ ዕቃውን ከነባለቤቱ ባሕር ያሻግራል። ዛሬ የምንጫወተው ስለዚያኛው ሸራ ነው። የምንኖረው ከበርበራ በሚወጣ ዕቃ ነውና፣ ክሬንና ኮንቴይነር ሳይመጣ በፊት ዕቃው በምን ይጓዝ እንደነበር ማወቅ የሩቅ ታሪክ ሊሆንብን አይገባም። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በርበራ የቆየች ወደብ ናት። ከ1ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈ አንድ የግሪክኛ የባሕር ንግድ መምሪያ፣ ከርቤና ዕጣን የሚጫንባትን ማላዎ የምትባል ወደብ ያነሳል፤ ብዙ ሊቃውንት በርበራ ናት ይላሉ። መጽሐፉ የተጻፈው ለነጋዴ ስለሆነ የሚያሳስበውም እኛን የሚያሳስበን ነገር ነው፤ የት ምን ይሸጣል፣ ከየት ምን ይገዛል፣ በየትኛው ወር ይኬዳል።

ዋናው ነገር ወሩ ነበር። በዚህ ባሕር ላይ ነፋሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ፊቱን ያዞራል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ለጉዞም ይመቻል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ እየበረታ ይመጣል። ያን ጊዜ ሶማሌዎች ባድ ሒራን ይላሉ፤ ባሕሩ ተዘጋ ማለት ነው። በነዚያ ወራት በርበራን የሚያቃጥል፣ አሸዋ የሚያነሳ ነፋስ ይመታታል፤ አቅም ያለው ሰውም ወደ ሼክ ተራራ ወጥቶ ይከርማል።

በ1840ዎቹ ክራተንደን የሚባል እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን የበርበራን ገበያ አይቶ ጽፏል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ቦታው ባዶ ነበር። ነፋሱ ሲዞር የአገሬው ሰዎች ወደ ጠረፉ ወርደው ለእንግዶቹ ጎጆ ይቀልሳሉ። መጀመሪያ ከየመን ትንንሽ ጀልባዎች ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ከመስከትና ከባሕረ ሰላጤው ትልልቆቹ፣ በመጨረሻ የህንድ ባንያን ነጋዴዎች ለቅቤ የሚሆን ባዶ ጋን አንጠልጥለው ይደርሳሉ። በየብስ ከኦጋዴንና ከሐረር የግመል ሲራራ ይገባል፤ ቡና፣ ቅቤ፣ ሙጫ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የሰጎን ላባ ያራግፋል። በዚያው ሲራራ ውስጥ ለባርነት የሚሸጡ ሰዎችም ይነዱ ነበር፤ የድሮውን ንግድ ስናወድስ እነሱን ዘለን ማለፍ አይገባንም። ከውጭ የመጣ ነጋዴ ሁሉ አባን የሚባል የአገሩ ተወላጅ ይይዛል፤ ደላላውም ዋሱም ጠባቂውም እሱ ነው። መጋቢት ሲያልቅ ገበያው ይፈታል፤ ጀልባዎቹም እስከ አፋቸው ተጭነው ይወጣሉ።

ስለዚህ የዚያን ዘመን ነጋዴ እንቅልፍ የሚነሳው ዋጋ ብቻ አልነበረም። ከዘገየ ዕቃው እስከ ጥቅምት ይተኛል፤ ዕዳውም አብሮት ይከርማል። ወቅቱ ሳይረጋ ቸኩሎ ከወጣ ደግሞ ነፋስ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ከበርበራ ዓደን በባሕር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከበርበራ ሐርጌሳ ካለው መንገድ አንድ ተኩል ጊዜ ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ውኃ ላይ የነጋዴው ሀብት የሚንጠለጠለው በአንድ ጨርቅ ነው።

ጨርቁን እንየው። የጀልባዎቹ ሸራ ወደ ሦስት ማዕዘን የተጠጋ ሲሆን የላይኛው ጠርዝ በጣም ረጅም በሆነ አግዳሚ እንጨት ላይ በገመድ ይታሰራል። እንጨቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ግንድ ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። መርከበኞቹ በዜማ እየተቀባበሉ ገመዱን ስበው ወደ ምሰሶው ያወጡታል። ለለዘብተኛ ነፋስ ይህን የመሰለ ሸራ የለም። ችግሩ ነፋስ ሲበረታ ነው፤ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በቀላሉ የሚያንስ ሸራ አይደለም። ናኹዳው፣ ማለትም የጀልባው አለቃ፣ እንጨቱን እስከ ወለሉ ያስወርዳል፤ ትልቁን ሸራ ያስፈታል፤ ከጀልባው ሆድ ትንሹን አስወጥቶ በቦታው ያሳስርና እንደገና ያሰቅላል። በ1938 መጨረሻ ከዓደን በኩዌት ጀልባ ተሳፍሮ እስከ ዛንዚባር የዘለቀው አውስትራሊያዊ መርከበኛ አለን ቪልየርስ፣ እነዚህ ጀልባዎች መጠናቸው የተለያየ ሸራዎች ይዘው ይጓዙ እንደነበር መስክሯል።

ሸራ መቀየር ብዙ ክንድ የሚፈልግ ሥራ ነው። ከባድ እንጨት በሚወዛወዝ ወለል ላይ ሲወርድ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ናኹዳ የሚቀይረው ነፋሱ ከደረሰ በኋላ አይደለም፤ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ወይም ሳይመሽ ነው። ተሳፋሪው ነጋዴ ግን ነፋስ ሳይኖር ሸራ ሲያንስ፣ ጉዞው ሲንቀረፈፍ ያያል።

ከዚህ ላይ ነው የሂሳብ መዝገብ ለሚያውቅ ሰው ጉዳዩ የሚጥመው። ሸራው ጥጥ ነበር። ጥጥን ፀሐይ ያሳሳዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ እንደ መኪና ጎማ በየጊዜው የሚያልቅና የሚተካ ዕቃ ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሸራ አሰፍቶ መያዝ ገንዘብ ማስተኛት ነው። በሸራው ፋንታ ሌላ ዕቃ ቢጫን ዓደን ላይ ይሸጥ ነበር። ቋንቋችን ግን እዚህ ላይ ያግዘናል፤ በአማርኛ ትርፍ ስንል በላይነት የተያዘውንም ከንግድ የተገኘውንም ማለታችን ነው። ሾፌሮቻችን ስኮርታ ጎማ ሳይዙ ከበርበራ የማይነሱት ለዚህ ነው። ስኮርታው አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ጭነቱን ቤት የሚያደርሰው ግን እሱ የሚሆንበት ቀን አለ።

በ1855 እንዲህ ዓይነት ትርፍ በርበራ ላይ ነፍስ አድኗል። ሐረርን አይቶ የተመለሰው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ከጓደኞቹ ጋር ወደ ውስጥ አገር ሊገባ በርበራ ሰፍሮ ነበር። ከዓደን የሚመጣ ፖስታ ሲጠብቁ ገበያው ተፈታ፤ ሲራራው ሄደ፤ ይጠብቃቸው የነበረው መርከብም ተነሳ። ሚያዝያ ላይ ባዶ ዳርቻ ላይ ቀሩ። ሌሊት ጥቃት ደረሰባቸው፤ ስትሮያን የተባለው መኮንን ሞተ፤ በርተን ጉንጩን በጦር ተወጋ። የተረፉት ባለፈው ምሽት የመጣች አንዲት ትንሽ ጀልባ ሳትሄድ ስላደረች ነው። ጀልባዋ ያደረችውም አለቃውንና መርከበኞቹን ምግብ ጋብዘዋቸው ስለነበር ነው። ገበያው ሲፈታ አብረው ለመነሳት አልፈጠኑም፤ ለእንግዳ ያወጡት ጥቂት ምግብ ግን መመለሻ ሆናቸው።

ጨርቁ ወደ እኛም አገር ታሪክ ይገባል። አያቶቻችን አቡጀዲ የሚሉት ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ተጭኖ ወደዚህ ቀጣና ይመጣ ነበር። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለ የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል እንዲዋዋል ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው የጨርቅ ገበያ ነው። በዚያ ዘመን ጥጡ ጭነትም ነበር፤ ጭነቱን የሚነዳም ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ስዊዝ ካናል በ1869 ሲከፈት የእንፋሎት መርከብ በረከተ። የጅቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የሐረር ጭነት መንገዱን ቀየረ። ጀልባዎቹም ሞተር ገጠሙ። በ2021 በርበራ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ተመረቀ። ሸራ የቀረው በአብዛኛው በመዝናኛ ጀልባዎች ላይ ነው፤ እነሱም የናኹዳውን ጭንቀት በሌላ ዘዴ አቃለውታል። ከምሰሶው አናት እስከ ጀልባው አፍንጫ በተወጠረው የብረት ገመድ ላይ ቦይ ያለው ቱቦ ይለብሳል፤ የፊት ሸራው ጠርዝ በቦዩ ውስጥ ይገባል። ከታች ያለው ከበሮ ገመዱ ሲሳብ ቱቦውን ያዞራል፤ ሸራውም እንደ መስኮት መጋረጃ ይጠቀለላል። አንድ ሸራ ትልቅም ትንሽም ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሸራ ሲያረጅና ሲተካ ግን የድሮው ጥንቃቄ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንላለን፤ እዚህ ከመጠምጠም መለካት ይቀድማል። የፊት ጠርዙ ከቱቦው ከረዘመ ሸራው አይወጠርም። ካጠረ፣ ላይኛው ተሽከርካሪ ማያያዣ አናቱ አጠገብ እንዲደርስ መቀጠያ ገመድ ይጨመርለታል፤ አለዚያ መስቀያው ገመድ በቱቦው ላይ ይጠመጠምና ሸራው አልጠቀለል፣ አልወርድ ይላል። የጠርዙ ውፍረትም ከቦዩ ጋር መስማማት አለበት። ሲጠቀለል ከውጭ የሚቀረው ዳር ፀሐይ እንዳይበላው መከላከያ ጨርቅ ይሰፋበታል፤ መከላከያው በየትኛው ጎን እንደሚሰፋም ከበሮው በሚዞርበት አቅጣጫ ይወሰናል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ወደብ ላይ ታስረው ነው።

የእኛ ነፋስ ሌላ ነው። ምንዛሬው ባንድ ሳምንት ይዞራል፤ ቶጎ ውጫሌ ላይ መንገድ ይዘጋል፤ የእንስሳት ገበያ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ንግዱን ማሳነስ የሚችለው ቀድሞ ትንሹን ሸራ ያዘጋጀ ነው። ሁሉን በዕቃ ያሰረ፣ ሁሉን በዱቤ የሰጠ ሰው ግን እንጨቱን ማውረጃ ጊዜ አያገኝም። የዕቁብ ገንዘባችን በደረሰን ቀን ሁሉንም ወደ ጭነት ከማዞራችን በፊት፣ ስንቱ ትርፍ ሸራ ይሁን ብለን እንነጋገር።