ባልና ሚስትን የለያየ ሕግ

ቶሮንቶ ሆኖ የትዳር ጓደኛውን ስፖንሰር ያደረገ ሁሉ የመጠበቅን ነገር ያውቀዋል። ድሮ ግን በሩ ለአንዳንዶች ጭራሽ ዝግ ነበር።

ስፓዳይና ላይ የምናየውን የቻይናውያን ሰፈር እናስታውስ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1885 በቻይናውያን መጪዎች ላይ የ50 ዶላር ግብር ጣለች፤ በ1903 ወደ 500 አሳደገችው። በ1923 መግባታቸውን ጨርሶ ከለከለች ማለት ይቻላል። ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ እንደሆኑ 24 ዓመት ያለፈባቸው ጥቂት አልነበሩም። ሕጉ በ1947 ቢሻርም ሚስቱን ማምጣት የሚችለው ዜግነት ያገኘው ብቻ ነበር። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2006 ነው።

ጣጣው ለእኛም ደርሶናል። በ2012 በወጣው ደንብ፣ ልጅ የሌላቸውና ትዳራቸው ሁለት ዓመት ያልሞላው ጥንዶች ሁለት ዓመት አብረው ካልኖሩ፣ የመጣው ወገን የመኖሪያ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችል ነበር። ለተጠቂዎች ቀዳዳ ቢተውም፣ የምትደበደብ ሴትን በፍርሃት አስሮ ያስቀምጣል ተብሎ ስለተወገዘ በ2017 ተሻረ።

ስለዚህ የመኖሪያ ፈቃድ ይዛ «አስመልስሻለሁ» እየተባለች የምትሰጋ እህት ካለች ንገሯት፤ ትዳሩ በእውነት የተመሠረተ ከሆነ፣ መለያየት ብቻውን ፈቃዷን አያስነጥቃትም።