የጎጃም ዐረቄ፤ አመጣጡና ጠባዩ

ስለ ዐረቄ አመጣጥ የሚናገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከስሙ ነው። «ዐረቅ» በዐረብኛ ላብ ማለት ነው፤ ከጋለ ዕቃ እንደ ላብ ጠብ ጠብ እያለ ለሚወርደው መጠጥም ስም ሆኗል። ከዚህም የተነሣ መጠጡ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብለው ይደመድማሉ። የስሙ ነገር እርግጥ ነው፤ ድምዳሜው ግን ችኩል ነው።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ዐረቄ የምታወጣ ሴት ሥራዋን የምትጀምረው ጠላ እንደምትጠምቅ ሴት ነው። ገብሱ ወይም ስንዴው በውሃ ተነክሮ፥ በቅጠል ተሸፍኖ ከበቀለ በኋላ በፀሓይ ደርቆ ይፈጫል፤ ይህ ብቅል ነው። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ጥቂት ቀን ሲሰነብት ብቅሉ ይጨመርበትና ጥንስስ ይሆናል። ከዳጉሳ፥ ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተቈራርሶ ሲገባበት ደግሞ ድፍድፍ ይባላል። ብቅሉ በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ስኳሩም ፈልቶ አልኮል ይሆናል።

መንገዱ ከጠላ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ድፍድፉን በውሃ ታቀጥነዋለች፤ ዐረቄ አውጪዋ ግን በሸክላ ማሰሮ ከትታ፥ እንፋሎት እንዳያመልጥ አፉን መርጋ እሳት ታነድበታለች። እንፋሎቱ በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይገባና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ውሃው በሞቀ ቍጥር መለወጥ አለበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ስላላት፥ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የአልኮሉ መፍያም እንዲሁ ዝቅ ይላል። እሳቱን ያበዛች እንደ ሆነ ውሃው አልኮሉን ተከትሎ ይወጣና መጠጡ ይቀጥናል። ዋናው ጥበብ እንግዲህ እሳትን ማስተዳደር ነው።

አሁን ቃላቱን ማየት ያሻል። ብቅል፥ ጌሾ፥ ጥንስስ፥ ድፍድፍ፥ አተላ፤ እነዚህ ሁሉ የጠላ ቤት ቃላት ናቸው። የባዕድ ስም ያለው የመጨረሻው ውጤት ነው። ይህም የሚያሳየው እንፋሎትን ሰብስቦ የማውጣቱ ጥበብ በነባሩ የሴቶች ጠመቃ ላይ የተቀጠለ መሆኑን ነው። ስሙን የሚያመጡ ሰዎችም አልታጡም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ጎጃም የነበረው የባሶ ገበያ ከዐባይ ማዶ ያሉትን አገሮች ከጎንደርና ከምጥዋ ንግድ ጋር ያገናኝ ነበር፥ ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ምንም እንኳ መጠጡ በሃይማኖታቸው የተከለከለ ቢሆን።

ይህን ዐይነት አመጣጥ ለመለየት በሩቅ አገር ያለ ሌላ የብቅል መጠጥ፥ የጃፓን ዊስኪ፥ ለማነጻጸር ይጠቅማል። ማሳታካ ታኬትሱሩ እ.ኤ.አ. በ1918 ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ሥራውን ተማረ፥ በ1920ም ተመለሰ። ሺንጂሮ ቶሪይ በ1923 በኪዮቶ አቅራቢያ በያማዛኪ የዊስኪ ማውጫ መሠረተ፤ ታኬትሱሩም በ1934 በሆካይዶ ደሴት በዮኢቺ የራሱን አቋቋመ። በዚያ ብቅሉም፥ የመዳብ ጋኑም፥ የእንጨት በርሜሉም በአንድነት ተቀዱ፤ ለእያንዳንዱም ዓመትና ባለቤት አለው። የጎጃሙ ግን ከእናት ወደ ልጅ በእጅ የወረደ እንጂ በመዝገብ የተያዘ አይደለም።

በጠባይም ይለያያሉ። ዊስኪ መልኩንና አብዛኛውን መዓዛውን የሚያገኘው በበርሜል ውስጥ ከሚያሳልፈው ዓመታት ነው፤ ዐረቄ ግን ከመቃው እንደ ወረደ፥ መልክ ሳይኖረው ይሸጣል። ይህን የዕውቀት ጉድለት አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። መጠጥን ለዓመታት ሳይሸጡ ማቈየት ገንዘብ ማሳደር ይጠይቃል፤ ዐረቄ አውጪዋ ግን የእህሉን፥ የማገዶውንና የቤቷን ወጪ የምትሸፍነው ከቅርቡ ገበያ ነው። አተላውም ለከብት ይሆናል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ ዐረቄ፥ እንደ ገና የወጣው ዳግም ይባላል፤ የዳግሙ አልኮል ወደ 45 ከመቶ ስለሚደርስ በብርታት ከዊስኪ አያንስም። የሚጠጣበት ትንሽ ብርጭቆ «መለኪያ» መባሉም ለዚህ ብርታት የተገባ ስም ነው።

ይህ መጠጥ ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ የጎጃም ዐረቄ ተብሎ ይሸጣል፤ የአውጪዋ ስም አብሮት አይሄድም። በሰፈሯ ግን ጠጪው ቤቷን የሚጠይቀው በስሟ ነው።