«ወገብ» እና «ጀርባ»፦ የሕመምተኛውን ቃል የመለካት ታሪክ

ሐኪም የሕመምተኛውን ወገብ ዳስሶ፣ ራጅ አይቶና ጎንበስ ቀና አስብሎ ያገኘው ውጤት ለረዥም ዘመን ዋነኛው የሕመም መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ አከርካሪያቸው በራጅ ላይ ያረጀና የተጣበበ ሆኖ የሚታይ ብዙ አረጋውያን ያለ ሥቃይ ሲኖሩ፣ ራጃቸው ይህ ነው የሚባል ነገር የማያሳይ ሌሎች ደግሞ ከመደባቸው ለመነሣት ይቸገራሉ። ተመራማሪዎችን ወደ ሕመምተኛው ቃል የመለሳቸው ይኸው አለመጣጣም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ፌርባንክና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በኦስዌስትሪ የተዘጋጀውን ባለ አሥር ክፍል መጠይቅ አሳተሙ። ዕቃ ማንሣትን፣ መራመድን፣ መቀመጥን፣ መቆምን፣ እንቅልፍን፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ሳይቀር ይጠይቃል። (ይህን የመጨረሻውን አንድ ወጣት ነርስ የሰባ ዓመት አዛውንትን እንዴት አድርጎ እንደሚጠይቅ አዘጋጆቹ አላሰቡበትም።) በ1983 ደግሞ ሮላንድና ሞሪስ ለማንኛውም ሕመም ከተዘጋጀ ባለ 136 ዓረፍተ ነገር የአሜሪካ መጠይቅ 24ቱን መርጠው «በወገቤ ምክንያት» የሚል ሐረግ ጨመሩበት። «አዎን» የተባለው ሁሉ አንድ ነጥብ ነው፤ ዜሮ ደኅና፣ 24 እጅግ የተጎዳ ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ በዓለም ተሠራጨ። ነገር ግን ጉልበቱም፣ ዓይኑም፣ ወገቡም የደከመ አረጋዊ ቀስ ብሎ የሚሄደው በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ለይቶ እንዲናገር መጠየቁ ቀላል ነገር አይደለም። በ1992 የወጣው ኤስ ኤፍ 36 የተባለው አጠቃላይ የጤና መጠይቅ ደግሞ መካከለኛ ድካም ያለው ሥራ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ ወለል በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ማጽዳትንና ጎልፍ መጫወትን በምሳሌነት ይጠቅሳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕመምን ለመለየት ያዘጋጃቸው 20 የ«አዎን» እና «አይደለም» ጥያቄዎች በኢትዮጵያ ተሞክረዋል። ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮርትማን ከባልደረባቸው ጋር በ1988 ባሳተሙት ጥናት መልሱን በመቁጠር ብቻ አልተወሰኑም። ተጠያቂዎቹ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዱትና ለምን እንደዚያ እንደመለሱ መረመሩ። ብዙው «አዎን» ጠያቂው ካሰበው የተለየ ትርጉም ወይም ምክንያት ነበረው። ስለ ወገብ ባይጠይቅም፣ ከላይ ከተዘረዘሩት ሥራዎች ሁሉ ለእኛ የሚበልጥብኝ ይህ ጥናት ነው። በ2004 ደግሞ ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው ኤስ ኤፍ 36ን በቡታጅራ ገጠር አጥንተው የመጠይቁን አስተማማኝነት የሚመረምር ሥራቸውን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ።

ይህን ሁሉ ይዘን ቆሰበር፣ ማለትም እንጅባራ፣ ላይ ከአንዲት እናት ፊት ብንቀመጥ የመጀመሪያው ችግር የሚገጥመን ከአንዲት ቃል ላይ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ተርጓሚው «ጀርባ» ቢለው «ጀርባዬን ደኅና ነኝ፣ ወገቤን ነው እንጂ» ይሉታል፤ ወይም ሕመሙን «ኩላሊቴን» ብለው ይጠሩታል፣ መጠይቁም አልፏቸው ይሄዳል። ሁለተኛው ችግር አገውኛ ነው። አማርኛውን በሚገባ ለማይሰሙ አረጋውያን ባለሙያው ወይም አስታማሚው ልጅ እዚያው በቃሉ ሲተረጉም፣ መጠይቁ በየሕመምተኛው የተለያየ መጠይቅ ይሆናል፤ የዛሬው 12 እና የዛሬ ሦስት ወሩ 8 ሊነጻጸሩም አይችሉም።

ሦስተኛው ጨዋነት ነው። «ሕመሙ እንዴት ነው?» ሲባሉ «ተመስገን» ማለት የአረጋውያን ወግ ነው። ይህን «ተሽሏቸዋል» ብሎ የመዘገበ ባለሙያ ሰላምታን እንጂ ሕመምን አልለካም። «እርጅና ነው» የሚለውም መልስ እንዲሁ ነው፤ ሕመሙ የለም ማለት ሳይሆን የሚታከም አይመስለኝም ማለት ነው። በዚህ መንገድ ዜሮ ተጽፎላቸው የሚመለሱ አረጋውያን መድኃኒትም፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናም፣ ቀጠሮም አያገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 ለሥር የሰደደ፣ ማለትም ከሦስት ወር በላይ ለቆየ፣ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ አረጋውያንን ለይቶ መጥቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1995 በካናዳ እነ ስትራትፎርድ ያቀረቡት አነስተኛ መለኪያ ለዚህ ሁኔታ የተሻለ ይመስለኛል። የተዘጋጀ ዝርዝር የለውም። ሕመምተኛው በሕመሙ ምክንያት የተቸገረባቸውን ጥቂት ተግባራት ራሱ ይጠቅሳል፤ ጨርሶ ለማይችለው ዜሮ፣ እንደ ቀድሞው ለሚችለው 10 ሆኖ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል። ቁጥር ለማይለምዱ አሥሩን ጣት ማሳየት ይቻላል። በቆሰበር አንዱ ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆምን፣ ሌላዋ ምጣድ ሥር ጎንበስ ብሎ መጋገርን፣ ሌላው ጥር 23 ቀን ለፈረሰኞች በዓል ፈረስ መውጣትን ሊጠቅሱ ይችላሉ። ቃሉ እንደተነገረ፣ በተነገረበት ቋንቋ፣ ከነቀኑ ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ በቀጣዩ ቀጠሮም ያው ፈረስ፣ ያው ምጣድ፣ ያው ቅዳሴ ይጠየቃል።