የእግዜር እንግዳና ከፋይ እንግዳ፦ ላሊበላ ለመስተንግዶ ጥናት የምታነሳው ጥያቄ

የመስተንግዶ ጥናት ለረጅም ጊዜ ከሆቴል አስተዳደር ጥላ ሥር አልወጣም ነበር፤ ስንት አልጋ ተያዘ፣ ደንበኛው ረካ ወይ ከሚሉ ጥያቄዎች ብዙም አይርቅም ነበር። ኮንራድ ላሽሊና አሊሰን ሞሪሰን በ2000 እ.ኤ.አ. በአርታኢነት ያሳተሙት መድበል ይህን ለመስበር ሞከረ፤ መስተንግዶን በማኅበራዊ፣ በቤት ውስጥና በንግድ መስኮች ከፍሎ አየው። ሦስቱ እንደሚደራረቡም ንድፉ ራሱ ያሳያል። ሲደራረቡ የትኛው የትኛውን እንደሚሸከም ግን አይነግረንም። በላሊበላ ተሸካሚው ገንዘብ የማይጠየቅበት መስተንግዶ ይመስለኛል።

አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ፔንሲዮኑ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የጎብኚ ጫማ የሚጠብቀው ሳይቀር የሚኖሩት ከዚህ ዝና ነው። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ግን ሌላ እንግዳ ይመጣል፦ ስንቁን ተሸክሞ ቀናት በእግሩ የተጓዘ ምዕመን። የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ያሳድረዋል። ሥላሴን በድንኳኑ የተቀበለው የአብርሃም ታሪክ በየዓመቱ የሚሰበክለት ሰው፣ ለእግዜር እንግዳ ዋጋ አይተምንም።

ነጋዴው ለፈረንጁ የሚያቀርበው ቡናና ፈገግታ ከዚሁ ቤት የተቀዳ ነው። ችግሩም ከዚያው ይመነጫል፤ ሦስተኛውን ስኒ ቀድቶ ሒሳብ መጥራት ይሉኝታ ያለበትን ሰው ያሸማቅቃል። በላሊበላ አቅራቢያ በመቄት ወረዳ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው «ተስፋ» የተሰኘው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ለዚህ ጥሩ ብልሃት አለው። ጎጆዎቹ የማኅበረሰቡ ናቸው፤ ክፍያው አስቀድሞ ለጉዞ አዘጋጁ ይፈጸማል። ስለዚህ ምግብ የሚያቀርበው ገበሬ ከእንግዳው ጋር ስለ ዋጋ አይነጋገርም። ገንዘቡ አልቀረም፤ ከደጃፉ ራቀ እንጂ።

ንግድን ከትርፍ ሌላ እሴትም ሊመራው ይችላል፤ ከኒውዚላንድ የተገኘው የአቴልየቪችና የዶርን ጥናት የአኗኗር ምርጫቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ንግዳቸውን ሆን ብለው የማያሳድጉ አነስተኛ ባለንብረቶችን አሳይቶናል። ጽንሰ ሐሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ያለ ምርመራ ወደ ላሊበላ ማምጣቱ ግን አያዋጣም። አንድ ሰው አልጋ ያልጨመረው ብድር አጥቶ ሊሆን ይችላልና።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሆነው ማንም ተመራማሪ ያልነደፈው ፈተና ነው። የኮሮና ወረርሽኝ የውጭ ጎብኚን አስቀረ፤ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተከተለ፤ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። የንግድ መስኩ ወደቀ። ሆኖም በ2014 የገና በዓል ምዕመናን በብዛት መጡ። ሦስቱ መስኮች እኩል ተደጋጋፊ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም አብሮ በተንገዳገደ ነበር።

ተሸካሚው ገንዘብ የማይጠየቅበት መስተንግዶ ነው የሚለው ይህ መደምደሚያ ግን ከአንድ ወገን ይጎድላል። እግር የሚታጠብበትን ውሃ የቀዳችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ ቡናውን የቆላችው ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። ነጻ የሚባለው መስተንግዶ ለእንግዳው ነጻ ይሁን እንጂ ሰዓቱን የምትከፍለው እርሷ ናት። በፔንሲዮኑም ባለቤቱ ባል ሲሆን ድካሟ ከቤት ሥራ ጋር ተቀላቅሎ ከሒሳብ መዝገቡ ሊቀር ይችላል። ስለ አነስተኛ የቱሪዝም ንግድ በሚሰበሰብ መረጃ ላይ በመጀመሪያ መጨመር ያለበትም ይኸው የጓዳው ሰዓት ነው፤ ገናንና የቱሪስቱን ወቅት ለየብቻ፣ የእናትን፣ የልጅንና የሠራተኛዋን ድርሻ ለየብቻ።